የማይወጣው ጆንያ

ሀሚዳ በአፍንጫዋ የታወቀች ሴት ናት። ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ በር ላይ ማለዳ ቆማ፣ ከአሰቦት ቆላ በሚኒባስ ተጭኖ የሚመጣላትን የግመል ወተት ስትረከብ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክርላታል። ቢጫውን ጀሪካን ታስወርዳለች፤ ክዳኑን ትፈታለች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየሩን ወደ ውስጥ ትስባለች። ዕቃው በደንብ ያልታጠነ እንደሆነ፣ ወይም የትናንት ትራፊ የተቀላቀለበት እንደሆነ፣ ፊቷ ይጨማደዳል። "ውሰጂልኝ እህቴ፣ ከዓይኔ ሰውሪልኝ" ትላለች። ወተት አምጪዎቹ ይስቁባታል እንጂ አይቀየሟትም። የሀሚዳን ወተት ጠጥቶ ሆዱን የታመመ ሰው በከተማው የለምና።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ የአክረምን ጆንያ በእጇ የነካችው።

የአክረም ሱቅ ከእሷ ክፍል ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ብቻ ትባል በነበረበት ዘመን ሱቁ የአባቱ የሀጂ ጂብሪል ነበር። ሀሚዳ ልጅ ሳለች እናቷ ባዶ ጣሳ አስይዛ ትልካት ነበር። ሀጂ ጂብሪል ስኳሩን በጣሳው ሰፍረው፣ ላዩን በመዳፋቸው ደልደል አድርገው፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ ይመርቁበታል። "ለእናትሽ ሰላም በያት፤ ሲሞላላት ትከፍላለች" ይሏታል። የጨመሩባት ነገር የለም፤ የጻፉባትም ነገር የለም። ነገር ግን ሽማግሌው ለሁሉም እሺ አይሉም ነበር። አንድ ዓመት የሀሚዳ አባት ለዒድ አንድ ሙሉ ጆንያ በዱቤ እንዲሰጧቸው ሲለምኗቸው፣ እየሳቁ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ገቢህ በጣሳ ነው። ጆንያ ብሰጥህ የምትበላው ስኳሩን ሳይሆን ወዳጅነታችንን ነው" አሏቸው። አባቷ አኩርፈው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ግን ለእናቷ "ልክ ነው ሰውዬው" ሲሉ ሰምታቸዋለች።

ያ ሱቅ ዛሬ ሴራሚክ ለብሷል። በሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሯሯጥበታል። አክረም ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሽቶውን መንገድ ተሻግሮ እስኪሸት ተቀብቶ ይቀመጣል። ሰው ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ትልቅ ሴት ሁሉ ለእሱ "እማዬ" ናት። ሀሚዳ ይህን "እማዬ" በሰማች ቁጥር የቆየ ቅቤ የሸተታት ይመስል አፍንጫዋን ትነካለች።

አክረም ብድር አይሰጥም። ይህን እሱ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። "ወለድ? አስተግፊሩላህ! እኔ ነጋዴ ነኝ። ዕቃ እሸጣለሁ፣ ዕቃ እገዛለሁ" ይላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው ከሱቁ በስተኋላ ወዳለው ጓዳ ይገባል። በጓዳው ጥግ አንድ ጆንያ ስኳር ተቀምጧል። አክረም ጆንያውን ለቸገረው ሰው በውድ ዋጋ በዱቤ ይሸጥለታል፤ ክፍያው ከዓመት በኋላ ነው። ገዢው እጁን ጆንያው ላይ ያሳርፍና በምስክር ፊት "ተቀበልኩ" ይላል፤ ዕቃው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ወዲያው አክረም ያንኑ ጆንያ በርካሽ ዋጋ፣ እጅ በእጅ፣ መልሶ ይገዛዋል። ሰውየው ርካሹን ገንዘብ ኪሱ ከትቶ ይወጣል፤ ውዱ ዕዳ ደግሞ ከኋላው ይከተለዋል። ጆንያው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወለድ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ቢስሚላህ ተብሏል፤ ሻይ ተጠጥቷል።

ዋጋውማ! በአገሩ ላይ እንደዚያ ጆንያ ዋጋው በሰው ጭንቀት የሚለካ ዕቃ የለም። የታመመ ልጁን ሊያሳክም ለመጣ የቦኬ ገበሬ አንድ ዋጋ አለው፤ ሰርግ ለደገሰ ሌላ፤ ጣሪያ ለሚያለብስ ሌላ። ጠዋት የአንድ ፍየል ዋጋ የነበረው ከሰዓት በኋላ የአንድ ቤት ዋጋ ሆኖ ይውላል። ሰዉ ይህን ነገር "እጅ ማስነካት" ይለዋል። "የት ቆየህ?" ሲባል "አክረም ጋ እጅ ሳስነካ" ይላል፣ ጸጉር ተቆርጦ እንደመጣ ሰው፣ ያለ ሐፍረት።

ሀሚዳ መጀመሪያ እጇን ያስነካችው ለልጇ ለረዲያ ሰርግ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወተቱ ትርፍ እየቆነጠረች ያስቀመጠችው ጥሪት ነበራት። እሷ ለምታውቀው ዓይነት ሰርግ ይበቃ ነበር። የመሰላ አማቾቿ ግን በመኪና ሰልፍ እንደሚመጡ ተሰማ። ድንኳኑ ባለ መጋረጃ ይሁን ተባለ። ከላይ እየበረረ ፎቶ የሚያነሳ ነገር ካልተከራየ ሰርግ አይባልም ተባለ። ሀሚዳ ስታመነታ ጎረቤቷ ፋጤ ወገቧን ይዛ በሯ ላይ ቆመች።

"አንድ ሴት ልጅሽን እንደ አስከሬን በዝምታ ልታወጪያት ነው?"

"ያለኝ ይኸው ነው፣ ፋጤ።"

"ያለሽማ ማንም አለው! የጎደለውን አክረም ይሞላዋል። እኛ ሁላችን የሄድንበት ነው። እጅ ማሳረፍ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ዝም ብሎ ስኳር ነው!"

ሄደች። መያዣ ሲጠይቃት የመንገድ ዳሯን ክፍል ሰጠች፤ ሌላ ምን አላት? ከዚያ እጇን ዘረጋች። ያን ቀን ያየችውን አትረሳውም። የጆንያው አናት ላይ፣ የሰው መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ፣ ክር የማይታይበት ጥቁር ክብ ነበር፤ በላብና በእድፍ ታሽቶ ታሽቶ እንደ አሮጌ ኮርቻ ያብለጨልጫል። ከተማው ሁሉ፣ ቦኬም መሰላም፣ እዚያች ክብ ላይ መዳፉን አሳርፏል። ከጆንያው የሚወጣው ሽታ የስኳር ሽታ አልነበረም። የሽንት ይሁን የእርጥብ ግድግዳ፣ አፍንጫዋ ሊለይላት ሞከረ፤ እሷ ግን አፍንጫዋን ዝም አሰኘችው። ቤቷ ገብታ እጇን በኦሞ ፈተገች፤ ቆዳዋ እስኪቀላ ፈተገች።

ሰርጉ ሆነ። የሚበረው ነገር በረረ፤ ድንኳኑ ላይ ዞረና ሄደ። ዓመቱም ዞረ።

ዓመቱ ሲዞር ከዕዳው እኩሌታውን ይዛ ቀረበች። አክረም በሙስበሃው ጫፍ አገጩን እያከከ፣ "ምንም ችግር የለም እማዬ፤ በቀረው ጆንያውን እንደገና እንሽጠዋ" አለ። እንደገና በውድ ገዛችው፤ እንደገና በርካሽ ሸጠችለት። ርካሹ ገንዘብ ግን በእጇ አልገባም፤ ለቀረባት ዕዳ ተቀናነሰ ተባለ። አንድ ብር ሳትይዝ ወጣች፤ አዲስ ዕዳ ግን ይዛ ወጣች፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ። ያን ማታ እራት አልበላችም። ያቅለሸለሻት ዕዳው ይሁን መዳፏ ለራሷም አልታወቃትም።

ሦስተኛው ዘንድሮ፣ ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። ሀሚዳ ዓመቱን ሙሉ እንጀራዋን በሽሮ እየበላች ከወተቱ ያስቀረችውን በመቀነቷ ቋጥራ፣ መንገዱን ተሻገረች። እንደማይበቃ ታውቃለች። ከአንድ ቀን በፊት አንድ የማታውቀው ጎልማሳ ሜትር ዘርግቶ የክፍሏን በር ሲለካ አግኝታው ነበር። "ምን ፈለግህ?" ስትለው፣ "የሞባይል ዕቃ ሱቅ ልከፍትበት ነው፤ አክረም ይከራያል ብሎኝ" አላት፣ ምንም ሳይመስለው። ወተቷ፣ ማቀዝቀዣዋ፣ የዘመናት ደንበኞቿ፣ ሁሉም በዚያች በር ነው የሚገቡት። ያች ክፍል ከሄደች ሀሚዳ ጀሪካን ተሸክማ በፀሐይ የምትዞር ሴት ትሆናለች።

"ኑ እማዬ፣ ኑ!" አለ አክረም ብድግ ብሎ። "አካም ጂርቱ? ደህና ሰነበቱ? ሻይ ይምጣላቸው፣ ስኳሩን በዛ አድርጉት!"

"ስኳሩ ከየት ነው?" አለች ሀሚዳ።

"እንዴት ከየት? ከሱቅ ነዋ።"

"ከዚያ ከጓዳው?"

አክረም ሳቀ። "እሱማ አይነካም እማዬ። እሱ አማና ነው፣ አደራ።"

"ኧረ ሲነካ ነው የሚውለው!" አለ ከበረንዳው ገብሬ። ገብሬ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የአክረም ሱቅ በረንዳ ላይ አቁሞ ይሠራል። ቅርብ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ምስክር የሚጠራው እሱ ነው። "እኔ እኮ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነኝ፤ በስኳር ምስክርነት ግን ከመስጊዱ ሰው ሁሉ ሳልበልጥ አልቀርም።"

"ና ግባ፣ አታውራ" አለው አክረም።

ወደ ጓዳው ገቡ። ሀሚዳ መቀነቷን ፈትታ ያላትን አስቀመጠች።

"አክረም ልጄ፣ ጾሙን ብቻ ታገሰኝ። ረመዳን የወተት ወር ነው። ሰዉ ጾሙን በግመል ወተት ነው የሚፈታው። ለዒድ የቀረውን አመጣልሃለሁ።"

"እኔማ እርስዎን አልታገስ ብዬ ነው? አባቴ ቢሆኑ ምን ይሉኛል!" አለና አየር ስቦ አወጣ። "አሠራር ነው እንጂ እማዬ። ወይ ክፍሏን እንረከባለን፤ ወይ ደግሞ ጆንያዋን አንድ ጊዜ እንሻሻጣለን። የዘንድሮው ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል። ስኳር ተወዷል።"

"ይኼ ስኳር ተወደደ?" አለች ጥጉን እያየች።

"ስኳር ስኳር ነው እማዬ።"

ዋጋውን ነገራት። ገብሬ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጣሪያው አየ። ሀሚዳ በዓይነ ሕሊናዋ የሀጂ ጂብሪል መዳፍ የስኳሩን ጣሳ ደልደል ሲያደርግ አየች፤ ንጹሕ መዳፍ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ።

"በሉ፣ እጅዎን አሳርፉና 'ተቀበልኩ' ይበሉ።"

አሳረፈች። ጥቁሩ ክብ ወዛም ነው፤ መዳፏን ያዝ አደረጋት። "ተቀበልኩ" አለች።

ይህን እንዳለች ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነገር ነው፤ ለስላሳ፣ ሕይወት ያለው። በማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ እንደሚያደርገው ገፋ አደረጋትና ዝም አለ።

ሀሚዳ እጇን አላነሳችም።   እዚያው እጇን እንዳሳረፈች ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያሰኘችው አፍንጫዋ መናገር ጀመረ።

"ባረከላህ" አለ አክረም። "አሁን ደግሞ 'ሸጥኩልህ' ይበሉኝና እንጨርስ።"

"አልሸጥም።"

"ምን አሉ?"

"አልሸጥም አልኩህ። ገዝቼዋለሁ አይደል? ተቀብያለሁ አይደል? ገብሬ፣ ተቀበልኩ ስል ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ፣ እግዜር ያውቃል" አለ ገብሬ። ዓይኑ ፈጠጠ።

"እንግዲያው ዕቃዬን እወስዳለሁ።" ወደ ሱቁ በር ወጥታ ተጣራች። "ሙከሚል! አንተ ሙከሚል! ባጃጁን አስጠጋ!"

ወንድ ልጇ ሙከሚል መናኸሪያው በር ላይ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ባጃጁን እየነዳ መጣ። በሱቁ ውስጥ የረመዳን ቴምርና ዱቄት የሚገዙ ሰዎች ሞልተዋል፤ ሁሉም ዞሩ። አክረም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮዋ ሥር ገባ። ሽቶው አፈናት።

"እማዬ፣ ሰው ፊት አያዋርዱኝ። ይህ እኮ ወግ ነው። ጆንያው አይወሰድም።"

"ለምን አይወሰድም?"

"ማንም ወስዶት አያውቅማ!"

"ስማኝ አክረም" አለች ሀሚዳ፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። "ሽያጭ ከሆነ ዕቃዬን ልውሰድ። ብድር ከሆነ ደግሞ ብድር ነው በልና በእጄ የሰጠኸኝን ብቻ ልመልስልህ። ከሁለቱ የፈለግኸውን ምረጥ።"

ቴምር ይገዙ የነበሩት ሰዎች ቴምሩን ትተው አክረምን አዩ። አክረም ግራ ቀኙን አየ። 'ብድር ነው' ማለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወለድ በላሁ ማለት ነው። ሳቅ ለማለት ሞከረ። "ሽያጭ ነው እንጂ! ግን ለእማዬ ከአዲሱ እንስጣቸው፤ ትናንት የገባ አለ፣ ነጭ፣ ንጹሕ…"

"የገዛሁት ይኼን ነው። እጄ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።"

የሱቁ ተሸካሚና ሙከሚል ጆንያውን በጎንና በጎን ያዙት። አልነሳ አለ፤ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። ሲያወዛውዙት ጭ…ር የሚል ድምፅ አሰምቶ ተላቀቀ። ከሥሩ እርጥብ ክብ ታየ፤ በረሮዎቹ በየአቅጣጫው ፈሰሱ። አንዲት ቴምር ገዢ ቀሚሷን ሰብስባ ጮኸች። ገብሬ አማተበና፣ "ለካ መነሳት ይችላል!" አለ።

ሙከሚል ባጃጁን እየነዳ ከእናቱ ጋር ተጣላ። "እማ፣ አብደሻል? በዚህ ዋጋ እኮ ሌላ ባጃጅ ይገዛል! አንቺ ስኳር ገዛሽ? የሸተተ ስኳር? ክፍላችን ሄደች በቃ፣ ሄደች!"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"አዙሬ ልመልሰው። ይቅርታ ብለን…"

"ንዳ አልኩህ! እጄ ላይ የነካኝን ነገር ሳላየው አልሞትም።"

ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። በሯ ላይ ሲደርሱ የሰፈሩ ሴቶች ጎድጓዳ ሳህንና ፌስታል ይዘው ተሰብስበው አገኘች። ስኳር ከገበያ በጠፋበት ሰሞን፣ በዚያ ላይ ለረመዳን፣ ሀሚዳ አንድ ጆንያ አስገባች ከተባለ ማን ይቀራል? ከፊት የቆመችው ፋጤ ናት፤ ትልቁን ሳህን ይዛለች።

"ለጎረቤት በምን ዋጋ ልትሰጪን ነው? ጎበዝ ነሽ እባክሽ፣ አክረምን አስለቀቅሽው አሉ!"

ሀሚዳ መሬቱ ላይ የዝናብ ሸራ አነጠፈች፤ ጆንያውን አስተኛችው። ማንጠልጠያዋ ላይ ካለው የወተት ማጥለያ ጎን ቢላዋ አነሳችና አፉን ሳይሆን ሆዱን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀደደችው።

ስኳር ይፈሳል ብሎ የጠበቀ ሰው አፈረ። ምንም አልፈሰሰም። ወጣ ያለው ሽታው ነው። ከዚያ የቀኑ ብርሃን ሲገባበት፣ በአይጥ ሽንት ቢጫ የሆነ፣ እንደ ግንብ የጠነከረ ነገር ታየ፤ ከላይ እስከ ታች የተቦረቦረ፣ ጥቁር በጠጥ የተዘራበት። ከአናቱ፣ ልክ ከጥቁሩ ክብ ሥር፣ በተበጣጠሰ ጆንያ የተሠራ ጎጆ ነበር። በውስጡ ጸጉር ያላወጡ፣ ዓይናቸውን ያልከፈቱ፣ ሮዝ የሆኑ የአይጥ ግልገሎች እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ ነበር። እናቲቱ በሰዎቹ እግር መካከል ሾልካ ቦዩ ውስጥ ገባች።

"እትፍ! ሱብሃነላህ!"

"አጃኢብ! አጃኢብ!"

አንዷ እዚያው አስመለሳት። ሌላዋ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ሸሸች። ከዚያ ግን ሀሚዳ እስከ ዛሬ የማትረሳው ነገር ሆነ። ጩኸቱ ጋብ አለ፤ የቀሩት ሴቶች አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ፤ እያንዳንዷ ቀኝ መዳፏን ገልብጣ አየች። ፋጤም ሳህኗን በግራ እጇ ይዛ መዳፏን አየች፤ ቀስ ብላም በቀሚሷ ጠረገች።  ለልጅ ሕክምና፣ ለጣሪያ፣ ለሰርግ፣ ማን እጁን እንዳስነካ ያን ቀን ያለ ጥያቄ ታወቀ። ሙከሚል እንኳ ባጃጁን ሊገዛ እጁን ያስነካበት ቀን ትዝ አለውና እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

የሰፈሩ ሼህ ተጠርተው መጡ። አክረምም መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ገብሬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከተለው። ሼሁ የሻላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሸራውን ዞሩት።

"አክረም፣ ይህን ለዚች ሴት ሸጠህላታል?"

"ሽያጭ ነው ያ ሼህ፣ ምስክር አለኝ።"

"ሽያጭ ነው ካልክ እንከን ያለበት ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ዋጋውም ይወርድላታል። ያለፉትስ ሽያጮች?"

"ያለፉትማ ሌላ…"

"ሌላ አይደለም" አለ ገብሬ። ጎንበስ ብሎ የጆንያውን ጠርዝ በእግሩ ጫፍ ገለበጠ፤ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነው። "ይቺን ቀዳዳ የሰፋኋት እኔ ነኝ፤ የረዲያ ሰርግ ሳይደርስ። ያኔም አይጥ ነበር የቀደዳት። አክረም ራሱ ነው ያሰፋኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ምስክር አይደለሁ? መመስከር ነው ሥራዬ።"

ሼሁ ብዙ አልቆዩም። ሦስቱም ሽያጮች ይፍረሱ አሉ። ሀሚዳ ለሰርጉ በእጇ የተቀበለችውን ገንዘብ ብቻ ትመልስ፤ እስካሁን የከፈለችው ይቀነስላት፤ የቀረውን በረመዳን ወተት ትጨርስ። ክፍሏ የእሷ ናት። አክረም ከንፈሩን ነከሰ። ሊሄድ ዞረና ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ፈገግታው አልነበረም።

"እሺ ያ ሼህ፣ ይሁን። ነገ ግን ለዚህ ሁሉ ሰው ሲቸገር ማን ሊደርስለት ነው? እርስዎ? ባንኩ? ባንክ ደመወዝ ለሌለው ሰው ፊት ይሰጣል? ሌሊት ልጁ የታመመበት ሰው የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። አባቴ በጣሳ ሰጥተው በጣሳ ሞቱ፤ ይህን ሕንፃ ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

ሼሁ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ "እናንተም ብትሆኑ…" ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሀሚዳ የጆንያውን ትራፊ ከነሸራው ከከተማ ውጭ አስጣለችው። የቀደደችበትን ቢላዋም ጣለች። የቀረባትን ዕዳ ረመዳን ሳያልቅ ከፈለች። ያን ጊዜም ሥርዓት አበጀች። ከቀኑ ሽያጭ መጀመሪያ የነገውን ወተት መግዣ ታነሳለች፤ ቀጥላ አንድ ጣሳ ውስጥ የማይነካውን ትጥላለች፤ የሚተርፈው ነው ለቤት የሚገባው። ሳይተርፍ ሲቀር በቤት ሽሮ አለ። ከአሰቦት ከሚመጡት ወተት ሻጮች ጋርም በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ዕቁብ ጀመረች፤ ዕጣው የደረሳት ወስዳ ዕቃ ትገዛበታለች፤ ለሰርግ ግን አይሰጥም ብለው ተማማሉ። ፋጤን ግቢ ብላ ጠየቀቻት።

"ተራዬ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል?" አለች ፋጤ። "ይልቅ አንቺ የሁላችንን በር ዘጋሽብን። ክፍልሽን አተረፍሽ፤ እኛ ሲቸግረን ካንቺ ወተት እንበደር?"

ሰፈሩም ይህንኑ አለ። በመንገድ ሲያገኟት ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። የአይጥ ግልገሎቹን ያዩት እነዚያው ዓይኖች ገልመጥ ያደርጓት ጀመር። ሀሚዳን ከጆንያው ይልቅ ያቅለሸለሻት ይህ ነው። ቆሻሻውን ያስቀመጠውን ሰው "አክረሜ" እያሉ፣ የገለጠችውን "ሸረኛ" አሏት።

በሩ ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ አልቆየም። ከዒድ በኋላ አክረም ጓዳውን ኖራ አስቀባ፤ አዲስ ጆንያ አስገባ፤ ከላዩም ወፍራም ላስቲክ አለበሰው። "አሁን ንጹሕ ነው" ይላል ለሚገባው ሁሉ። ገብሬ ምስክርነቱን ትቶ የስፌት መኪናውን ወደ ሀሚዳ በር አዛውሯል። ከዚያ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። "ላስቲኩ ላይ ክቧ ብቅ ብላለች" አላት አንድ ቀን፣ መርፌ ውስጥ ክር እየከተተ። "ጥቁር አይደለችም ገና። ቡናማ ናት።"

በዚያው ሳምንት አመሻሽ ላይ ፋጤ ወተት ልትገዛ መጣች። ከመንገዱ ማዶ ነው የመጣችው፤ የአክረም ሽቶ ከሻሿ ጋር መጥቷል። ሀሚዳን ቀና ብላ አላየቻትም። "ቆንጆውን ቅጂልኝ፣ ለልጁ ነው፤ ትኩሳት ይዞታል" አለችና ኩባያዋን በቀኝ እጇ ዘረጋች።

ሀሚዳ ኩባያውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወተቱን አልቀዳችም። ከማቀዝቀዣው ጎን የነበረውን የውሃ ማንቆርቆሪያ አነሳችና ወደ ደጃፉ ወጣች።

"እጅሽን አምጪ" አለቻት።

ፋጤ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ዘጋችው። እጇን ዘረጋች። ሀሚዳ ውሃውን አፈሰሰችላት፤ ሳሙናውንም አቀበለቻት። ፋጤ ግራ እጇን ትታ ቀኟን አሸች፤ ደጋግማ አሸች። ውሃው በደጃፉ ድንጋይ ላይ ወርዶ ወደ ቦዩ ገባ። ሀሚዳ ወተቱን ቀዳችላት፤ ለልጁ ብላ ጨመር አደረገች፤ ሂሳብም አልጠየቀቻትም።

ፋጤ ከሄደች በኋላ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለችው፤ ባዶ ነው። እንደገና ሞላችው፤ ሳሙናውንም ከጎኑ አድርጋ ከበሩ ውጭ፣ ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ቦታ አስቀመጠችው። በማግስቱ የቦኬ ገበያተኛ የሚገባበት ቀን ነበር።